ዝም ልበል ወይስ ልናገር?

ወገኖች፣ ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። አብረን የምናገለግል ጓደኛ አለኝ። ለታመመች እህት የተዋጣውን ገንዘብ የሚይዘው እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ደብተሩን ሲገልጥ ድምሩ ተሰርዞ ከላዩ ሌላ ቁጥር ተጽፎ አየሁ። ቀና ብዬ አየሁት። ቶሎ ዘጋውና "ትንሽ ቸግሮኝ ነው፣ እመልሰዋለሁ" አለኝ። እኔም "አይዞህ" ብዬ ወጣሁ። አይዞህ! ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ለምን እንደፈራሁ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ወንድምን ሰው ፊት ገሠጽኩት። ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር። ግን የተናገርኩት ልረታው ብዬ እንጂ ልመልሰው ብዬ አልነበረም፤ ይሄ የገባኝ ቆይቶ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸሎት ላይ አላየሁትም።

ኤፌሶን 4፥15 "እውነትን በፍቅር እየያዝን" ይላል። ማቴዎስ 18፥15 ደግሞ መጀመሪያ ለብቻ ሆናችሁ ውቀሰው ይላል። እሺ፣ ብቻችንን እንሆናለን። ከዚያስ? አፌን ስከፍት የመጀመሪያው ቃል ምንድን ነው? ለስለስ ካልኩ ያው "አይዞህ" ይሆንብኛል። ጠንከር ካልኩ ደግሞ ያንን ወንድም አስታውሳለሁ። ዝም ብልስ? ታማሚዋ አለች። እሷንም መውደድ አለብኝ እኮ።

እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ፣ ወሬውን እንዴት ጀመራችሁት? እስኪመልስ ቀን ልስጠው ወይስ አሁኑኑ ለሽማግሌዎች ልንገር? ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር እንገናኛለን።