ጥቆማ፦ ለኮከብ ፎቶ ጀማሪ የትኛው የብርሃን ብክለት (የከተማ መብራት ሰማዩን ሲያደበዝዝ) ፊልተር? (አዲስ አበባ ላላችሁ)

የመጣው ጥያቄ ይሄ ነው። ካሜራው ካኖን፣ ሌንሱ አብሮት የመጣው 18-55፣ ሰፈሩ ሲኤምሲ። «ማታ ሰማይ ሳነሳ ሁሉም ነገር ይደበዝዝብኛል። ሰማዩ ግራጫ ወይ ብርቱካንማ ሆኖ ይወጣል። ፊልተር ያስተካክለዋል አሉኝ። የቱን ልግዛ? ከየት?»

መልሱን ላስቀድም ወንድሜ። ከበረንዳህ ላይ ለማንሳት ከሆነ ምንም አትግዛ። ከከተማ ወጥተህ፣ የሩቅ ከተማ ብርሃን አድማስ ላይ ቢጫ ሆኖ በሚታይበት ቦታ ለማንሳት ካሰብክ ግን ከዲዲሚየም መስታወት የተሠራውን፣ ሌንስ ፊት ላይ የሚጠመዘዘውን ርካሹን ፊልተር ውሰድ። ካሜራ ውስጥ የሚገባውን ክሊፕ ለጊዜው እርሳው።

ለምን መሰለህ? እነዚህ ፊልተሮች የተሠሩት በዋናነት ለሶዲየም መብራት ነው፣ ያ ድሮ መንገዱን ሁሉ ብርቱካናማ ያደርግ ለነበረው። ሶዲየም አብዛኛውን ብርሃኑን የሚያወጣው 589 ናኖሜትር (የብርሃን ቀለም የሚለካበት ነው፣ ይሄ ቁጥር ቢጫው ጋ ይወድቃል) ዙሪያ ነው። ስለዚህ እንደ ዲዲሚየም ያችን ጠባብ ቦታ ቆርጦ የሚጥል መስታወት ስታገኝ ቢጫው በጣም ይቀንሳል፣ የኮከቡ ብርሃን ግን አብዛኛው ያልፋል። መስታወት በእሳት እየነፉ የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚያደርጉት መነጽርም ከዚሁ መስታወት ነው፤ የሚሸሹትም ያንኑ ቢጫ ነው።

ኤል ኢ ዲ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ነጩ ኤል ኢ ዲ 450 ናኖሜትር አካባቢ ጠንካራ ሰማያዊ አለው፣ ከዚያ ከአረንጓዴ እስከ ቀይ ሳይቋረጥ ይዘልቃል። የኮከብ ብርሃንም እንዲሁ በሁሉም ቀለም ነው የሚመጣው። ታዲያ ፊልተሩ ማንን ከማን ይለያል? አዲስ አበባ ደግሞ ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ዋና ዋና መንገዶቿ በአዲስ መብራት ተሞልተዋል፣ የሕንፃው ፊት ሁሉ ማታ ማታ ያበራል። ማታ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ጥሩ ነው፣ ለኛ ግን የፊልተሩን ጥቅም በልቶታል። በይነመረብ ላይ የምታየው «ከፊልተር በፊት፣ ከፊልተር በኋላ» ፎቶ ብዙው የሶዲየም ዘመን ነው፣ እሱን አይተህ ኪስህን አታራግፍ።

የራስህን ሰፈር በነፃ መፈተሽ ትችላለህ። ከየቤቱ የማይጠፋ አሮጌ የሰርግ ሲዲ አለ አይደል? ማታ ይዘኸው ውጣ። ራቅ ያለ አንድ የመንገድ መብራት ምረጥ፣ የሚያብረቀርቀውን ፊት ወደ እሱ አዙርና የቀለም መስመር እስኪወጣ ቀስ እያልክ አዘንብለው። ቀለሞቹ ከሰማያዊ እስከ ቀይ ሳይቆራረጡ ከፈሰሱ ኤል ኢ ዲ ነው፣ ፊልተር ብዙም አይረዳህም። ተቆራርጠው፣ ቢጫና ብርቱካኑ ገንኖ ከታየህ ሶዲየም ነው፣ ያኔ ዲዲሚየሙ ሥራ አለው። የጥንቱ ቆጣቢ አምፖል ደግሞ ቀለሞቹ ለየብቻ ቆመው ይታያሉ። የሩቁን ከተማ ቢጫነት በሲዲ ማየት አትችልም፣ ግን ወጣ ባሉ ትንንሽ ከተሞች በኩል ስታልፍ ከመኪናው ወርደህ መሞከር አያስነውርም።

አሁን ወደ ዕቃው። በክር ከሚጠመዘዙት መካከል ኬ ኤንድ ኤፍ ኮንሰፕት ናቹራል ናይት፣ ሆያ ስታርስኬፕ እና ኒሲ ናቹራል ናይት ብዙ ጊዜ የሚጠሩት ናቸው። ኬ ኤንድ ኤፍ በዋጋ ዝቅ ይላል፣ ለጀማሪም እሱን ነው የምመርጠው። ሌሎቹ ጥሩ ናቸው፣ ግን በኪት ሌንስ ለሚያነሳ ሰው የሚታየው ልዩነት ከዋጋው ልዩነት ያንሳል። የትኛውንም ብትገዛ ትንሽ ብርሃን ይበላብሃል፣ ቀለሙንም ወደ ሰማያዊ ይገፋዋል። ስለዚህ በሮው (ካሜራው ሳይነካካ በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንሳ፣ ዋይት ባላንሱን፣ ማለትም የቀለሙን ሚዛን፣ ኮምፒውተር ላይ ታስተካክለዋለህ። ፎከስ የምታደርገውም ፊልተሩ ከገባ በኋላ ነው።

መጠኑን ሳታይ አትክፈል። የሌንሱ ክዳን ውስጠኛ ክፍል ወይም የሌንሱ ፊት ላይ ክብ በሰረዝ የተቆረጠበት ምልክት አለ፣ አጠገቡ ያለው ቁጥር ነው መጠኑ። የካኖኑ 18-55 ብዙውን ጊዜ 58 ሚሊሜትር ነው፣ የኒኮኑ 52 ወይም 55። የኔ ምክር ግን 77 ገዝተህ ከ58 ወደ 77 የሚያሳድግ ቀለበት ጨምርበት። ነገ ሌንስ ስትቀይር ፊልተሩ አብሮህ ይኖራል፣ ቀለበቱ ደግሞ ርካሽ ነው። እንደ ሳምያንግ 14 ያሉ ፊታቸው ያበጠ ሰፊ ሌንሶች ግን ክር የላቸውም፣ እነሱ ላይ የሚጠመዘዝ ፊልተር አይታሰብም።

ክሊፑን ለምን እርሳው አልኩ? አስትሮኖሚክ ሲ ኤል ኤስ እና ኦፕቶሎንግ ኤል ፕሮ በዚህ ቅርጽ ይመጣሉ፣ ከሌንሱ ጀርባ ካሜራው አፍ ውስጥ ነው የሚገቡት። ዋጋቸው ከፍ ይላል። ዋናው ችግር ግን እሱ አይደለም። ለካኖን ክሮፕ (ሴንሰሩ አነስ ላለ) ካሜራ የተሠራው የአስትሮኖሚክ ክሊፕ ከኢ ኤፍ ሌንስ ጋር እንጂ ለክሮፕ ብቻ ከተሠራው ኢ ኤፍ ኤስ ጋር አይሄድም፣ የኢ ኤፍ ኤስ ጀርባ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ይጋጫል። ያንተ 18-55 ደግሞ ኢ ኤፍ ኤስ ነው። ገዝተህ ሳጥን ውስጥ ልታስቀምጠው ነው።

የት ይገዛ? ቦሌና ፒያሳ አካባቢ ያሉ የካሜራ ሱቆች ዩ ቪ፣ ፖላራይዘርና ኤን ዲ አያጡም። ይሄኛውን ስትጠይቅ ግን ተጠንቀቅ። «የኮከብ ፊልተር» ካልክ ስታር ፊልተር አውጥተው ሊሰጡህ ይችላሉ። ያ አምፖሉን ሁሉ ጨረር እያበቀለ የሚያሳየው፣ የሰርግ ቪዲዮ የሚወደው ነው፣ ከሰማይ ጋር ጉዳይ የለውም። ፊልተሩን ነጭ ወረቀት ላይ አድርገህ በቀን ብርሃን እየው። ዲዲሚየም ፈዘዝ ያለ ወይን ጠጅ ቀለም አለው። ከዚያ የሱቁ ፍሎረሰንት ሥር አስገባው፣ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ወጣ ገባ ብትልም ዝም ብሎ ሰማያዊ ከሆነ ቀለም የተቀባ መስታወት ነው፣ አመስግነህ ውጣ።

ቴሌግራም ላይ የሚሸጡት «በትዕዛዝ እናስመጣለን» ብለው ቀብድ ይጠይቃሉ። ዕቃው እጃቸው ላይ ካለ ቪዲዮ ያንሱልህ፣ ከሌለ ቀብድ አትስጥ። አንድ ሻጭ ቀብዴን ይዞ ቆይቶ ያመጣልኝ ተራ ዩ ቪ ነበር፣ መመለሱ ራሱ ሌላ ጭቅጭቅ። አሊኤክስፕረስ በፖስታ ቤት በኩል ይሠራል፣ ትዕግሥት ካለህ። ከሁሉ የሚሻለው ዱባይ ወይ አሜሪካ ያለ ዘመድ ነው። ሳጥኑ መዳፍ አያክልም፣ የሰው ሻንጣ አይጎዳም። ሞዴሉንና መጠኑን ጽፈህ ከነፎቶው ላክ እንጂ «የሌሊት ፊልተር» ብለህ አታስለፋቸው።

ለፊልተሩ ያሰብከውን ብር ግን ኪራይ ላይ ብታውለው የበለጠ ደስ ይለኛል። የካሜራ አከራዮች ኤፍ 2.8 ወይም ከዚያ የሚሻል፣ ብዙ ብርሃን የሚያስገባ ሰፊ ሌንስ አላቸው፣ ደንበኛቸው በዋናነት የሰርግ ቪዲዮ አንሺ ነው። በዐቢይ ጾም ሰርግ የለም። ዕቃው መደርደሪያ ላይ ነው፣ ዋጋ መደራደር ትችላለህ። የሚገርመው ደግሞ የፍኖተ ሐሊብ (ሚልኪ ዌይ) ደማቁ እምብርት ከንጋት በፊት መታየት የሚጀምረው በዚያው ሰሞን ነው። መጋቢት ላይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከፍ ብሎ ታገኘዋለህ። ክረምቱ ከገባ ደመናው አያሳይህም። ጥቅምት ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ደቡብ ምዕራብ ላይ ትንሽ ይቆያል።

ቦታም ይወስናል። ሁሉም እንጦጦ ይላል፣ ከፍታው 3,200 ሜትር አካባቢ ነው፣ 1 ሜትር መስታወት ያላቸው ቴሌስኮፖችም እዚያው አሉ። ግን እምብርቱ ደቡብ ነው፣ ከእንጦጦ ወደ ደቡብ ስትዞር የምታየው አዲስ አበባን ነው። ስለዚህ ከተማውን ጀርባህ የምትሰጥበት ቦታ ይሻላል። ላንጋኖ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሎጅ ስትይዝ አስቀድመህ ደውልና የግቢውን መብራት ለጥቂት ሰዓት ማጥፋት ይችሉ እንደሆነ ጠይቅ። እሺ የሚል ሎጅ ከየትኛውም ፊልተር ይበልጣል። ወንጪ ይበልጥ ከፍ ይላል፣ ይበርዳልም፣ ጋቢ ያዝ። የትም ብትሄድ መጀመሪያ የመንገዱን ሁኔታ አጣራ፣ ለአካባቢው ጥበቃም ቀድመህ ንገር፤ በሌሊት ትራይፖድ አቁሞ የሚጠብቅ ሰው ያጠራጥራል።

እዚያ ስትደርስ በ18፣ ኤፍ 3.5፣ 15 ሰከንድ፣ አይ ኤስ ኦ 3200 ጀምር። አንድ ሳይሆን 20 ፎቶ በተከታታይ አንሳ። ሲኳተር የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም በነፃ አንድ ላይ ይደራርብልሃል፣ ግራኤክስፐርት የሚባለው ደግሞ አድማስ ላይ የቀረውን የከተማ ብርሃን ያጸዳልሃል፣ እሱም ነፃ ነው።

«ኤል ፕሮ አለኝ፣ ከከተማ ውስጥ ኦሪዮን ኔቡላን አንስቼበታለሁ፣ ይሠራል» ላልከው፦ ልክ ነህ። እንደ ኦሪዮን ያለ ኔቡላ (በሰማይ ያለ የጋዝ ደመና) ብርሃኑን የሚያወጣው በጠባብ መስመሮች ነው፣ ኦክስጅኑ 500.7፣ ሃይድሮጅኑ 656.3 ናኖሜትር ላይ። ስለዚህ ከኤል ኢ ዲም ቢሆን መለየት ይቻላል። ቴሌስኮፕ ወይ ረጅም ሌንስ፣ ሰማዩን የሚከተል ማቆሚያም ላለው ሰው ነው ግን። ጠያቂው ገና ትራይፖድ እየፈለገ ነው።

ስልክ ብቻ ነው ያለኝ ላልሽው እህቴ፦ ስልክ ላይ የሚቆነጠጠውን ፊልተር ተይው፣ ነጸብራቅ ነው የሚጨምርብሽ። ጠንካራ የስልክ ማቆሚያ ግዢ፣ ፕሮ ሞድ ላይ ሹተሩን ስልክሽ እስከፈቀደ አርዝሚው፣ የ3 ሰከንድ ታይመር ተጠቀሚ።

ዋጋ በብር ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፣ እስክታነቡት ይቀየራል። ከ58 ወደ 77 የሚያሳድገውን ቀለበት በቅርቡ አዲስ አበባ ውስጥ ያገኘ ሰው ካለ ሰፈሩንና የከፈለውን ይጻፍልን።