ከቦይ ያነሳናት ቡችላ፦ ምን እናብላት? ስሟንስ ማን እንበላት?

ጥያቄ ከሆጤዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ሆጤ አካባቢ ነው የምኖረው። ትናንት ማታ ዝናቡ ካባራ በኋላ ታናሽ ወንድሜ መንገድ ዳር ካለው ቦይ ውስጥ አንዲት ቡችላ አግኝቶ በጃኬቱ ጠቅልሎ ይዟት መጣ። እናቷን ፈልገን አጣናት። ሌሎች ቡችሎችም በአካባቢው የሉም። ሴት ስለሆነች ሆን ብሎ የጣላት ሰው ሳይኖር አይቀርም። ሴት ቡችላ "ነገ ትወልድብናለች" እየተባለች እንደምትጣል ታውቃላችሁ።

ቀላ ያለች ቡናማ ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት አላት። ዓይኗ ተከፍቷል፤ እየተንገዳገደችም ቢሆን ትሄዳለች። የፊት ጥርሶቿ ወጥተዋል፤ መንጋጋዋ ግን ገና ባዶ ነው። ሆዷ ተነፍቷል፤ ሌላው አካሏ አጥንት ብቻ ነው። ቁንጫ ወሯታል። ማታ የላም ወተት አሙቀን ሰጠናት፤ ጥርግ አድርጋ ጠጣች። ጠዋት ግን አስቀመጣት። ሌሊቱንም ስታለቅስ አደረች።

ምን እናብላት? ቁንጫውን በምን እናስለቅቅላት? ደሴ ውስጥ ወዴት ይዘናት እንሂድ? እናቴ ሰጋጅ ናት፤ ቡችላዋ ቤት ውስጥ መግባቷ አሳስቧታል። "ጣሏት" ግን አላለችም፤ አንጀቷ አልቻለም። ስምም አውጡላት። ወንድሜ "ናቲ ካልሆነች" ብሎ ድርቅ ብሏል።

መልስ ከደሴ የእንስሳት ሐኪም
አብሽሪ እህቴ። በጥርሷ ስንገምት ዕድሜዋ አንድ ወር ገደማ ነው። የቡችላ ዓይን ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይከፈታል። የፊት ጥርስ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይወጣል፤ መንጋጋ ከዚያ በኋላ ይከተላል። ስለዚህ በጡጦ ብቻ ከምትኖርበት ዕድሜ አልፋለች፤ ለስላሳ ምግብ ልሳ መብላት ትችላለች።

ከምግቡ በፊት ግን ሙቀት ይቅደም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የሌሊቱን ብርድ ለአንቺ አልነግርሽም። እንዲህ የከሳች ቡችላ ሙቀቷን በደንብ መጠበቅ አትችልም። የቀዘቀዘች ቡችላ ደግሞ አንጀቷ አይሠራም፤ ብታበሊያትም አይፈጭላትም። እግሯንና አፏን ዳብሺ። ከቀዘቀዘ መጀመሪያ አሙቂያት፣ ከዚያ አብሊያት። ካርቶን ውስጥ አሮጌ ጋቢ አንጥፊላት። ሃይላንድ ላይ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልተሽ፣ ክዳኑን አጥብቀሽ፣ በፎጣ ጠቅልለሽ በካርቶኑ አንድ ጎን ብቻ አድርጊላት። ሲሞቃት ወደ ሌላው ጥግ መሸሽ አለባት። ክፍሉን ለማሞቅ ብላችሁ ከሰል አታስገቡ፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ጋዝ እናንተንም ይገድላል።

ወተቱን ተዪው። የላም ወተት ውስጥ ያለው ላክቶስ የተባለው ስኳር ለቡችላ ሆድ ይከብዳል፤ ያስቀመጣትም እሱ ሊሆን ይችላል። የውሻ ወተት ደግሞ ከላም ወተት ይልቅ ብዙ ቅባትና ፕሮቲን አለው። ስለዚህ የላም ወተት ብትጠጣም አያሳድጋትም።

ይልቅ ሩዝ በጣም እስኪለሰልስ ቀቅይ። የተፈጨ የበሬ ወይም የዶሮ ሥጋ ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬና ያለ ሽንኩርት አብስይ። አንድ ላይ ፈጭተሽ በለብ ያለ ውሃ እንደ አጥሚት አቅጥኚው። በጠፍጣፋ ሰሃን አቅርቢላትና ጣትሽን ነክረሽ አስልሻት፤ ቶሎ ትለምደዋለች። በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት ይሁን። በጀርባዋ አስተኝታችሁ በመርፌ ቱቦ አፏ ውስጥ አትጨምሩ፤ ወደ ሳንባዋ ይገባና ይገድላታል። በሆዷ እንደተኛች ወይም ቆማ ትብላ። ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ አጠገቧ ይኑር። የወጥ ቤት ሚዛን ካላችሁ በየቀኑ መዝኗት። የምታድግ ቡችላ በየቀኑ ክብደት ትጨምራለች፤ መጨመር ካቆመች አትጠብቁ።

ሆዷ የተነፋው ምናልባት በወስፋት ነው። ወስፋት ከእናቷ ማህፀንና ወተት ይተላለፋል። ፓይራንቴል የሚባለው መድኃኒት በክብደቷ ተለክቶ ይሰጣታል፤ በየ2 ሳምንቱም ይደገማል። የበግና የከብት ክኒን ቆርሳችሁ እንዳትሰጧት አደራ።

አሁን ድዷን ገልጠሽ እዪ። ሮዝ ከሆነ ደህና ነው። ነጭ ከሆነ ቁንጫው ደሟን ጨርሶት ሊሆን ይችላል፤ ዛሬውኑ ሐኪም ይያት።

መልስ ከሳላይሽ
ቁንጫውን በተመለከተ፣ ድሮ አያቶቻችን ነጭ ጋዝ በጨርቅ ነክረው ይቀቡ ነበር። በአንድ ቀን ነው ልቅም የሚለው።

መልስ ከደሴ የእንስሳት ሐኪም
ወንድሜ፣ ለመርዳት ብለህ እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን ይሄንን እንዳታደርጉት። ነጭ ጋዝ ቆዳዋን ያቃጥላል፤ ስትልሰው ደግሞ ሆዷና ሳንባዋ ይጎዳል። ማላታይን የሚባለው የተባይ መርዝም፣ ለከብት መዥገር የሚረጨውም ያው ነው። ለጎልማሳ በሬ የተለካ መርዝ በጭብጥ ለምትያዝ ቡችላ አይሆንም። የከብት አይቨርሜክቲን መርፌም በዘፈቀደ አይወጋም።

መጀመሪያ ትሙቅ፣ ትብላ። ከዚያ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ ሲወጣ፣ በለብ ያለ ውሃና በሕፃን ሳሙና እጠቧት። ከአንገቷ ጀምራችሁ አረፋውን ዙሪያውን አድርጉ፤ አለበለዚያ ቁንጫው ወደ ጆሮዋና ዓይኗ ይሸሻል። በቅማል ማበጠሪያ አበጥሯት፤ የያዛችሁትን ቁንጫ ሳሙና ያለበት ውሃ ውስጥ ጣሉት። ወዲያው በፎጣ አድርቃችሁ ወደ ሙቀቷ መልሷት። የተኛችበትን ጨርቅ በፈላ ውሃ ቀቅላችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፤ የቁንጫው እንቁላል እዚያ ነው ያለው።

መልስ ከጤና ጣቢያ ነርስ
ሁላችሁም ስለ ቡችላዋ እያወራችሁ ነው፤ እኔ ስለ ልጁ ልጠይቅ። ከቦይ ሲያነሳት ነክሳዋለች? ቧጭራዋለች? ደም የወጣበት ቦታ አለ? ካለ ይህንን መልእክት አንብበሽ እንደጨረስሽ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቢለት። ከዚያ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰጂው። "ቡችላ ናት፣ ምን ታደርጋለች" አይባልም። ቡችላም የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖራት ይችላል፤ እናቷን ማን ነክሷት እንደነበር አናውቅም። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን በእጥበትና በክትባት ይቆማል። ቁስሉ ላይ ቡናም በርበሬም አይነስነስ።

መልስ ከቡቺ እናት
ስሙ ላይ እኔ ልግባ። ናቲ አትበሏት። ናቲ የሚባል ልጅ የሌለበት ሰፈር የለም፤ "ናቲ ውጪ!" ስትሉ ጎረቤት ይከፋዋል። ደግሞ "ና" የሚለው ጥሪ ስሙ ውስጥ አለ፤ ቡችላዋ ትደናገራለች። የሰው ስም፣ በተለይ የእምነት ስም፣ ለውሻ አይሰጥ። በእኛ አገር ቅሬታ ያመጣል።

ጥሩ የውሻ ስም አጭር ነው፤ ከሩቅ ሲጣሩት ይሰማል። ቡቺና ጃክ በየግቢው አሉ። የድሮ ሰው መቻል ይል ነበር። ሉሉ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሽዬ ውሻ ስም ነበር። ወንድ ቢሆን ሻንቆ እላችሁ ነበር፤ የአይጠየፍን አዳራሽ ያሠሩት የንጉሥ ሚካኤል የፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ ነውና ለደሴ ውሻ ያምራል። ሴት ናት እንጂ።

ግንባሯ ላይ ነጭ ካላት ግን የገጠር ሰው ይህንን መልክ በከብት ላይ ሲያይ ቦራ ነው የሚለው። ቀላ ያለችውን ካሰባችሁ ደግሞ ዳማ። ሁለቱም አጭር ናቸው፤ የሰውም ስም አይደሉም።

ስሙን ካወጣችሁ በኋላ በምግብ አስለምዷት። ስሟን ጥሩ፣ ወዲያው ሰሃኑን አስቀምጡ። ስትቆጧት ስሟን አትጥሩ። ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ቃል ይጠቀም፦ ወንድምሽ "ና"፣ አንቺ "ነይ" ካላችሁ ትምህርቱ ይዘገያል። ሴት ስለሆነች "ነይ"፣ "ቁጭ በይ"፣ "ተዪ" በሉና እሱ ላይ ጽኑ።

ከምግቡ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ወጥ የነካው ፍትፍት አትስጧት። የእኛ ወጥ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ነው፤ ሁለቱም የውሻን ደም ያበላሻሉ። የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ከሉካንዳ ሳንባና ጉበት ካመጣችሁ በደንብ ቀቅሉት። ጥሬው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካለ በውሻዋ አንጀት ውስጥ የኮሶ ትል ይሆናል፤ ከእሷ ዓይነ ምድር ደግሞ ወደ ሰው ተላልፎ ጉበትና ሳንባ ላይ ያድጋል። እጃችሁን መታጠብ አትርሱ፤ በተለይ ልጁ።

መልስ ከአራዳ
ለእናትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ለተጠማ ውሻ ውሃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው አላህ እንደማረው የሚናገረውን ሐዲስ እሷም ታውቀዋለች። ለጥበቃና ለመንጋ ውሻ መያዝም የተፈቀደ ነው። ቡችላዋ በረንዳው ላይ ወይም ማድ ቤት ጥግ ላይ የራሷ ቦታ ይኑራት። ሰሃኗ ለብቻው ይሁን። ከቤት ዕቃ የላሰችው ካለ 7 ጊዜ ይታጠባል፤ አንዱ በአፈር። እሷን የምታቅፉበት አንድ ልብስ ለይታችሁ ብታስቀምጡ እናትሽ ለሰላት አትቸገርም። የቀረውን የመስጂዳችሁን ኢማም ጠይቂ።

ማታ ግን በረንዳው ከተከፈተ ወደ ውስጥ አስገቧት። ጅብ አለ።

መልስ ከኮምቦልቻ
የት ይዘናት እንሂድ ላልሽው፣ የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒክ አለ። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ደሴ ላይ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለው፤ እዚያ ያሉ መምህራንን ጠይቂ። እኛ ጋ ኮምቦልቻ ያለው ላቦራቶሪ ናሙና የሚመረምር ነው፤ ቡችላ ይዘሽ የሐረጎን ቁልቁለት ከመውረድሽ በፊት ጠይቂ። አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ሳይመዝኑ የበግ ክኒን ግማሹን ቆርሰው ለውሻዬ ሊሰጡኝ ነበር። "ስንት ኪሎ ናት?" ብሎ የማይጠይቅሽን ሰው መድኃኒት አትቀበይ።

ከሆጤዋ
አላህ ያክብራችሁ። ነርሷ ባትጠይቂን ልብ አንለውም ነበር፤ ወንድሜ አውራ ጣቱ ላይ ትንሽ የጥርስ ጭረት ነበረው፣ ደም ብሎ ነበር። አጥበን ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ ክትባት ጀምሯል። ድዷ ፈዛዛ ሮዝ ነው። የሩዙን ምግብ በላች፤ ከተሞቀች በኋላ ተኝታለች። እናቴ ማድ ቤት ጥግ ላይ ቦታ ሰጥታታለች። ስሟ ቦራ ሆኗል፤ ወንድሜም ተስማምቷል። የሚቀረኝ ክትባቷ ነው፤ መቼ ትከተብ?

መልስ ከደሴ የእንስሳት ሐኪም
ልጁን መውሰዳችሁ ከሁሉም በላይ ደስ ብሎኛል። የተሰጠውን ቀጠሮ አንድም እንዳያሳልፍ። ቡችላዋን ሌላ ሰው አይቀፋት፤ የነካት ሰው እጁን ይታጠብ። ቢያንስ 10 ቀን በደንብ ተከታተሏት። ጠባይዋ ከተለወጠ፣ መዋጥ ካቃታት ወይም ምራቋ ከበዛ በእጃችሁ ሳትነኩ ደውሉልን። ብትሞትም አትቅበሯት፤ አንጎሏ መመርመር አለበት።

ጤነኛ ከሆነች ፓርቮና ዲስቴምፐር የሚባሉት የውሻ በሽታዎች ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ላይ ይጀመራል፤ እስከ 16 ሳምንት ድረስ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይደገማል። የእብድ ውሻ ክትባት በ3 ወሯ ትወጋለች፤ ከዚያ በየዓመቱ። ካርዷን አስቀምጡ፤ አንገቷ ላይም ማሰሪያ ይኑር፤ ባለቤት እንዳላት ይታወቅላታል። እስክትከተብ ሌሎች ውሾች የሚውሉበት ቦታ አታውርዷት። ደም የቀላቀለ ተቅማጥና ትውከት ካየሽ ፓርቮ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሰዓት አይሰጥም። ቦታውን በበረኪና እጠቡት፣ ቫይረሱ በተራ ሳሙና አይሞትም። 6 ወር ሲሞላት ስለ ማምከን እንነጋገራለን።

ክትባቱ ደሴ ላይ ጠፍቶ ከአዲስ አበባ የምታስመጪ ከሆነ በአውቶቡስ በፌስታል ተይዞ እንዳይመጣ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት፤ በበረዶ ሳጥን አስይዢው። ከመላኩ በፊትም ጠርሙሱ ላይ ያለውን የመጠቀሚያ ጊዜ ፎቶ አንስተው ይላኩልሽ።