ሰፈር ውስጥ ያለ ስቴክ ቤት፣ የወይን ሜኑውን በምን ትመዝኑታላችሁ?

ሚሚ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሰላም ቤቶች። ቅዳሜ የባለቤቴ ቤተሰቦች ከዳላስ ይመጣሉ። ቤታችን አጠገብ ያለ ስቴክ ቤት እራት ልንጋብዛቸው አስበናል። ፓርኪንግ አለው፣ ለልጆች ይመቻል፣ ሥጋውንም እንወደዋለን። ችግሩ የባለቤቴ ወንድም ነው። ወይን አዋቂ ነኝ ባይ ነው፤ ብርጭቆውን አሽከርክሮ ሳያሸት አይጠጣም። ሜኑውን ኦንላይን አየሁት፣ ያለው አንድ ገጽ ነው። ሁሉም ሱፐርማርኬት የማየው ስም ነው፤ ቀዮቹ ጆሽ ካበርኔና ሜዮሚ ፒኖ ኑዋር፣ ነጩ ኬንዳል ጃክሰን ሻርዶኔ፣ ደግሞ አንድ ቀይ የአርጀንቲና ማልቤክ ምናምን። ወይኑ የተመረተበት ዓመት የተጻፈበት አንድም የለም። ካበርኔው ባለ 6 አውንሱ ብርጭቆ 10 ዶላር፣ ባለ 9 አውንሱ 14፣ ጠርሙሱ 38 ነው። ይሄ ደህና ሜኑ ነው? ምን አይቼ ነው የምፈርደው? ወይስ ቦታ ልቀይር?

ባር ጀርባ፦
እህቴ ቦታ አትቀይሪ። እንዲህ ዓይነት ቤት ባር ላይ ሠርቻለሁ። ሜኑው አጭር መሆኑ ችግር የለውም፤ እኔ እንደውም እንዲህ ባለ ቤት ረጅም ሜኑ ሳይ ነው የምፈራው። ያን ሁሉ ማን ይጠጣዋል? ካልተጠጣ ደግሞ በብርጭቆ የሚሸጠው ጠርሙስ ተከፍቶ ቀናት ይቀመጣል፣ መዓዛው ይጠፋል፣ ቀስ በቀስ ወደ ኮምጣጤ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ "ይሄ መቼ ነው የተከፈተው?" ብለሽ ጠይቂ። አስተናጋጇ ሄዳ አይታ ከመጣች ቤቱ ለወይኑ ያስባል ማለት ነው። ዝም ብላ "ዛሬ ነው" ካለችሽ ግን ቅመሺና ወስኚ።

ዋጋው ዝርፊያ አይደለም። ጆሽ ሱቅ ከ12 እስከ 15 ዶላር ነው፤ ሬስቶራንት ሁለት ተኩል፣ ሦስት እጥፍ ቢያደርገው የተለመደ ነው። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ነው፣ ወደ 25 አውንስ። ባለ 6 አውንሱ አራት ጊዜ ሲቀዳ 40 ዶላር፣ ጠርሙሱ ግን 38። አራት ሰው ቀይ የሚጠጣ ከሆነ ጠርሙስ እዘዢ፤ ፊታችሁ ይከፈታል፣ ስለ ትኩስነቱም ክርክር የለም።

ዓመቱን እለፊው። በዚህ ዋጋ ያሉት ወይኖች ጣዕማቸው ከዓመት ዓመት እንዳይለያይ ተደርገው ነው የሚዘጋጁት። 90 ዶላር ጠርሙስ ላይ ዓመቱ ካልተጻፈ ግን ያኔ ተቆጪ። ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው አይደል? እዚያ ለሬስቶራንቶች መጠጥ የሚያከፋፍለው ካውንቲው ራሱ ነው። ክምችት ውስጥ የሌለ ወይን የፈለገ በልዩ ትዕዛዝ ያስመጣል፤ ትንሽ ቤት ደግሞ ይህን ጣጣ ይሸሻል። ተመሳሳይ ስሞች በየቤቱ ብታዪ አይግረምሽ።

ኮተቤ ልጅ፦
ለስቴክ ቤት ይህን ያህል ምርመራ? ቢራ ጠጡና ተገላገሉ 😂 ካልሆነ ወንድምየው የራሱን ይዞ ይምጣ። እኛ ቨርጂኒያ ከ2011 ጀምሮ ሕጉ ስለፈቀደ ይዘን እንገባለን፣ ቤቱ ለጠርሙስ መክፈቻ የሚጠይቀውን ከፍለን እንጠጣለን። እናንተ ጋ ደውለሽ ጠይቂ፣ ሁሉም ቤት አይፈቅድም።

ጋሽ ታዛቢ፦
ልጆች፣ ሁላችሁም ዋጋ ታወራላችሁ፣ ሥጋውን የጠየቀ የለም። ካበርኔ አፍ የሚያደርቅ ነገር አለው፣ ታኒን የሚሉት። ስብ ያለው ሪብ አይ (የጎድን ስቴክ) ሲያገኝ ይለዝባል፣ ሥጋውንም ያጣፍጠዋል። የኛ ሰው ግን ጥሬ ሥጋ በጩቤ ሲቆርጥ ኖሮ አሜሪካን ስቴክ ቤት ሲገባ "ዌል ደን"፣ ማለትም በደንብ የበሰለ፣ ይላል! ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። በደረቀ ሥጋ ላይ ካበርኔው ይመራል፤ ለነሱ ማልቤኩ ይሻላል። ሚጥሚጣ በቦርሳ ይዞ የሚመጣ ዘመድም አይጠፋም። ሚጥሚጣውና ጠንካራ ቀይ ወይን ከተገናኙ አፍ ይነዳል፣ ሌላ ጣዕም አይገኝም።

ሁለተኛ፣ ሙቀቱ። ብዙዎቹ ቤቶች ጠርሙሱን ባር ላይ፣ አንዳንዴም ግሪሉ አጠገብ ይደረድሩታል፤ ወይኑ ለብ ብሎ ይመጣና አልኮሉ ብቻ አፍንጫ ይመታል። ቀይ ወይን ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ነው ጥሩ። በረዶና ውኃ ያለበት ባልዲ ጠይቂ፣ አሥር ደቂቃ ይቀመጥ። ባልዲውን ሳያጉረመርሙ ካመጡልሽ ሜኑው አንድ ገጽ ቢሆን ምን ቸገረሽ?

ሚሚ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ጋሼ ባልዲው በጣም ተመችቶኛል፣ አመሰግናለሁ። ባር ጀርባ፣ ሂሳቡን ለባሌ አሳየሁት፤ ጠርሙስ እናዛለን። የራስን ይዞ መግባት አይፈቅዱም አሉኝ፣ ስለዚህ ወንድሙ ያለውን ይጠጣ። ሜዮሚውን ልዘዝለት ወይስ ማልቤኩን? ደግሞ አማቴ አሉ፤ ወይን ሲባል የሚያውቁት አክሱሚትን ነው፣ ጣፋጭ ካልሆነ አይነኩም።

ባር ጀርባ፦
ማልቤኩን። ሜዮሚ ለፒኖ ኑዋር ጣፈጥ ይላል፣ ወንድምየው ደግሞ ይህችን ጣፋጭነት አይቶ ማታውን ሙሉ ያስተምራችኋል። ለእማማ ጣፋጭ ሪዝሊንግ የሚባለው ነጭ ወይን ካላቸው እሱን፣ ከሌላቸው ሞስካቶ፣ እሱም ጣፋጭ ወይን ነው፣ በደንብ ቀዝቅዞ። ቤቱ ስቴኩ ላይ ጣፋጭ ሶስ የሚያፈስ ከሆነ እንዲያውም ከሁላችሁም የተሻለ የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ ሶሱ ላይ ድራይ፣ ማለትም ጣፋጭ ያልሆነ፣ ወይን ይኮመጥጣል። ሞስካቶውን ግን በብርጭቆ እዘዢ፣ ጠርሙሱን ማንም አያግዛቸውም።