በጃፓን ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ፦ ከ1 በመቶ በታች ሆኖ የሚጠጣ ነገር ማውጣት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ብቅሌ (ጽኩባ)

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ ለትምህርት ከአሜሪካ ኮሎራዶ ወደ ጃፓን፣ ኢባራኪ ክፍለ ሀገር ውስጥ ወደምትገኘው ጽኩባ ከተማ ተዛውሬአለሁ። ኮሎራዶ ሳለሁ ቢራ በቤቴ እጠምቅ ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1979 ወዲህ አንድ አዋቂ ብቻ በሚኖርበት ቤት በዓመት እስከ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ባሉበት ቤት ደግሞ እስከ 200 ጋሎን ለራስ መጠጫ ያለ ግብር መጥመቅን ስለሚፈቅድ፣ የሕግ ጉዳይ አሳስቦኝ አያውቅም። እዚህ ግን የአልኮል መጠኑ 1 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ መጠጥ ያለ ፈቃድ በቤት መሥራት ክልክል ነው ተባልኩ። ይሁን እንጂ ብቅሉም፣ ሆፕሱም (ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው አበባ)፣ እርሾውም፣ ባለ 10 ሊትር ማብላያውም በኢንተርኔት በግልጽ ይሸጣሉ። እኔም አዝዤ መጥቶልኛል፤ ገና አልከፈትኩትም።

ማወቅ የምፈልገው የሚከተለውን ነው። ዕቃው እንደዚህ በግልጽ መሸጡ መንግሥት ነገሩን አይቶ እንዳላየ ያልፋል ማለት ነው? ካልሆነስ፣ ከ1 በመቶ በታች ሆኖ ውሃ ውሃ የማይል ቢራ እንዴት ይጠመቃል? እንዲሁም ጓደኞቼ ለዘመን መለወጫ ጠላ እንድጠምቅላቸው ይጠይቁኛል፤ ጠላስ በዚሁ ሕግ ሥር ይወድቃል?

መልስ፦ አዲስ ገቢ

በግል ቤትዎ ውስጥ ለራስዎ የሚጠምቁትን 10 ሊትር ቢራ ማን መጥቶ ይለካል ብለው ነው? በጣም ከሰጉ ግን እንደ ልማድዎ 5 በመቶ አድርገው ይጥመቁትና ሲደርስ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቢያፈሉት አልኮሉ በአብዛኛው ተንኖ ይወጣል። ወይም በውሃ ያቅጥኑት።

መልስ፦ የሕግ ተማሪ (ኪዮቶ)

ከእኔ በፊት የተሰጠውን ምክር እንዳይከተሉ እለምንዎታለሁ። አሁን በሥራ ላይ ያለው የጃፓን የአልኮል መጠጥ ግብር ሕግ እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣ ሲሆን፣ የአልኮል ይዘቱ 1 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነን መጠጥ ሁሉ በአልኮል መጠጥነት ይመድባል፤ ይህንንም ያለ ፈቃድ የሠራ ሰው እስከ 10 ዓመት እስራት ወይም እስከ 1 ሚሊዮን የን መቀጮ ሊፈረድበት ይችላል። የተሠራው መጠጥና የተሠራበት ዕቃም ይወረሳል። ቅጣቱ የደረሰውን መጠጥ ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ጥንስሱንና ድፍድፉንም በስም ጠርቶ ያካትታል፤ ጀምሮ ያልጨረሰም ሰው አይቀርለትም። ስለዚህ 5 በመቶ የደረሰ ቢራ በኋላ ቢፈላም ሆነ በውሃ ቢቀጥን ጥፋቱ ተፈጽሞ ያደረ ነው። መጠኑ ከ1 በመቶ በታች መሆን ያለበት በመጨረሻው ጠርሙስ ላይ ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በማብላያው ውስጥ ነው።

ዕቃው በግልጽ የሚሸጠው ከ1 በመቶ በታች ያለው መጠጥ ከሕጉ ውጭ ስለሆነ ነው። ሻጩ «ከ1 በመቶ በታች እንዲሆን አድርገው ይጥመቁ» የሚል ማሳሰቢያ የሚያትመውም ለዚሁ ነው፤ ከዚያ ያለፈው ኃላፊነት የጠማቂው ይሆናል።

ክልከላው የቆየ ነው። ለቤት መጠጫ የሚጠመቅ መጠጥ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1899፣ የአልኮል ግብር ከመንግሥት ዋና ዋና የገቢ ምንጮች አንዱ በነበረበት ዘመን ነው። ማኤዳ ቶሺሂኮ የተባሉ ሰው ያልተጣራውን የሩዝ ጠላ፣ ዶቡሮኩን፣ ሆን ብለው በአደባባይ ጠምቀው ክልከላውን በፍርድ ቤት ሞግተውት ነበር፤ ነገር ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1989 መጠጡ ለሽያጭ ባይሆንም እንኳ የቤት ጠመቃ በነፃ ቢለቀቅ የግብር ገቢን ሊጎዳ ይችላል በማለት ፈርዶባቸዋል። በእኔ አስተያየት ምክንያቱ ለዛሬው ዘመን የሚመጥን አይደለም፤ ቢሆንም ውሳኔው እስከ ዛሬ ጸንቶ ይገኛል። «ማን መጥቶ ይለካል» ለሚለው ደግሞ፣ የውጭ አገር ሰው የመኖሪያ ፈቃዱን ሲያሳድስ ጠባዩና ሕግ አክባሪነቱ ጭምር እንደሚታይ ማስታወሱ ይበቃል። በአንዳንድ የግብር ቢሮዎች የአልኮል መጠጥን ጉዳይ የሚያማክሩ ሠራተኞች አሉ፤ የሚያጠራጥርዎት ነገር ካለ ስምዎን ሳይናገሩ እንኳ ደውለው መጠየቅ ይችላሉ።

መልስ፦ ጋን በጠጠር (ሳፖሮ)

የሕጉን ጉዳይ ከእኔ በላይ የሚያውቁት ስለመለሱት እኔ ወደ ጠመቃው ልግባ።

መጀመሪያ ሂሳቡን ይያዙ። ጥግግት ማለት ፈሳሹ ከውሃ አንጻር ያለው ክብደት ሲሆን የውሃው 1.000 ነው፤ ከመብላላቱ በፊት ከተለካው የመነሻ ጥግግት ከተብላላ በኋላ የተለካው የመጨረሻ ጥግግት ተቀንሶ በ131.25 ሲባዛ የአልኮሉ መጠን በመቶኛ ይገኛል። መነሻዎ 1.007 ከሆነ፣ እርሾው ያለውን ስኳር ሁሉ በልቶ እስከ 1.000 ቢወርድ እንኳ የሚያገኙት 0.92 በመቶ ነው። በደረቅ የብቅል ኤክስትራክት (ደርቆ ዱቄት በሆነ የብቅል ጭማቂ) ሲሠራ ይህ በሊትር ወደ 19 ግራም፣ ማለትም ለ10 ሊትር 190 ግራም አካባቢ ይሆናል። በተለመደው የቢራ አሠራር ለዚህ መጠን ከአንድ ኪሎ በላይ ይገባ ስለነበር፣ ድስቱ ውስጥ ሲያዩት ባዶ ውሃ መምሰሉ አያስደንግጥዎት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ አይደለም። ቢራው በጠርሙስ ሲታሸግ ጋዝ እንዲይዝ ስኳር ይጨመርበታል፤ ይህ ስኳር ወደ ጋዝ ብቻ ሳይሆን ወደ አልኮልም ይለወጣል። በሊትር 5 ግራም ስኳር ወደ 0.3 በመቶ የሚጠጋ አልኮል ይጨምራል። በ5 በመቶ ቢራ ላይ ይህ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም፤ 0.9 በመቶ ላይ ለቆመ ቢራ ግን ከተፈቀደው ወደ ተከለከለው የሚያሻግር ልዩነት ነው። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለዎት፦ ወይ ስኳሩን አስቀድመው ከሂሳቡ ውስጥ አስገብተው መነሻውን ወደ 1.004 ዝቅ ማድረግ፣ ወይም ስኳሩን ጨርሶ ትተው ጋዙን ከሲሊንደር መስጠት። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ትንሽ ኬግ (የቢራ በርሜል) እና የጋዝ ጠርሙስ ወጪ ቢኖራቸውም በ1.004 የሚጀምር ቢራ አፍ ላይ ምንም የለውም።

ውሃ ውሃ እንዳይል ደግሞ ኤክስትራክቱን ትተው ከእህሉ ይነሡ። ብቅሉ በተለመደው በ65 ዲግሪ ሳይሆን ከ72 እስከ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውሃ ሲዘፈዘፍ፣ እርሾ የሚበላውን ስኳር የሚያወጣው ኢንዛይም ቶሎ ስለሚሞት እርሾ የማይበላቸው ረጃጅም ስኳሮች በብዛት ይቀራሉ፤ ለመጠጡ አካል የሚሰጡት እነርሱ ናቸው። ጥቂት አጃ ቢገባበት ይበልጥ ይወፍራል። ማልቶስን፣ ማለትም ዋናውን የብቅል ስኳር፣ የማይበላ እርሾ ማግኘት ከቻሉም ጥሩ ነው፤ አልኮል የሌላቸውን ቢራዎች የሚሠሩ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ሳካሮሚኮደስ ሉድዊጊ የሚባለው ዓይነት ቀላሎቹን ስኳሮች ብቻ በልቶ ያቆማል። ይህ ሁሉ ግን ጣዕም ለማሻሻል እንጂ መነሻውን ከፍ ለማድረጊያ ሰበብ አይሁንዎት። «እርሾዬ በግማሽ ያቆማል» ብሎ ከ1.015 የተነሣ ሰው፣ ሌላ እርሾ በስህተት ቢገባበት ሳያስበው ከወሰኑ ያልፋል። ለዚሁ ምክንያት ሆፕሱን ከፈላ በኋላ በቀዝቃዛው ላይ መጨመርም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሆፕስ በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች እነዚያን ረጃጅም ስኳሮች ሰባብረው ለእርሾው ያቀርቡለታልና። ለመዓዛ የሚሆነውን ሆፕስ እሳቱ ከጠፋ በኋላ፣ ጭማቂው ገና ትኩስ ሳለ ቢጨምሩት ይሻላል። ምሬቱንም ይቀንሱ፤ የተለመደው መጠን በቀጭን ቢራ ላይ ኮሶ ይሆናል።

ስለ ጤና አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ቢራን ከክፉ ባክቴሪያ የሚጠብቀው አንዱ አልኮሉ ነው፤ በዚህ ቢራ ውስጥ እርሱ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አሲድነቱን በፒኤች መለኪያ እያዩ ከ4.5 በታች ያውርዱት፤ ካልወረደ ለምግብ የሚሆን ላክቲክ አሲድ በጥቂቱ ጠብ ያድርጉበት። ከታሸገ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ይዋል፤ ቶሎ ይጠጣ። ያልተበላ ስኳር በውስጡ የቀረ ቢራ ሙቀት ላይ ከቆየ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል።

መልስ፦ የካትሱሺካ ነዋሪ (ቶኪዮ)

ስለ ጠላው እኔ ልመልስ። ወንድሜ፣ ጠላም ሆነ ጠጅ በዚሁ ሕግ ሥር ናቸው፤ ሕጉ የሚያየው አልኮሉን እንጂ እህሉን ወይም ማሩን አይደለም። ቀለል ተደርጎ የተጠመቀ ጠላ እንኳ ከ1 በመቶ ማለፉ አይቀርም። እዚህ አገር አረቄ ውስጥ ፍሬ መዘፍዘፍ እ.ኤ.አ. ከ1962 ወዲህ ስለተፈቀደ «ጃፓኖቹ በየቤታቸው የፕለም መጠጥ ይሠሩ የለም ወይ?» የሚል ክርክር በየጊዜው ይነሣል። ያ ግን የሚፈቀደው ግብሩ የተከፈለበት፣ ከ20 በመቶ ያላነሰ አልኮል ያለው መጠጥ ተገዝቶ፣ ለራስና ለቤተሰብ ብቻ፣ ከወይንና ከእህል በስተቀር በሌላ ፍሬ ሲሠራ ነው፤ አዲስ መብላላትም ሊኖርበት አይገባም። ጠላ ደግሞ ያለ መብላላት ጠላ አይሆንም።

ለበዓል እኛ የምናደርገው ማሩን በውሃ በጥብጠን ብርዝ ማቅረብ ነው፤ እርሾ ሳይነካው ቀዝቅዞ በዕለቱ ከተጠጣ ችግር የለውም። ጌሾ ከአገር ቤት የሚያስመጡ ከሆነ ግን ቅጠሉም እንጨቱም ዕፅዋት ስለሆኑ በአውሮፕላን ማረፊያው የዕፅዋት ቁጥጥር ጠረጴዛ ላይ ማስመርመር ግዴታ ነው፤ የጤና ምስክር ወረቀት የሌለው ዕፅ ሊወሰድብዎት ስለሚችል ከመላኩ በፊት ይጠይቁ። ከገባልዎት በኋላ በሆፕሱ ፈንታ ትንሽ ጌሾ በዚያ ቀጭን ቢራ ውስጥ ቀቅለው ይሞክሩት፤ ከብርዙ ይልቅ ለጠላ የቀረበ ነገር ያወጣልዎታል።

መልስ፦ ሐሩ (ሚቶ)

ጠያቂው ጽኩባ መሆናቸውን ሳይ ሌላው ሰው ይህን አለመጥቀሱ ገረመኝ። በዚያው በኢባራኪ ክፍለ ሀገር፣ ናካ በተባለችው ከተማ፣ ሂታቺኖ ኔስት የሚባለውን ቢራ የሚሠራው የኪውቺ ጠመቃ ድርጅት ደንበኞች መጥተው የራሳቸውን ቢራ የሚጠምቁበት ዝግጅት ጀምሮ ይታወቃል። ብቅሉንና ሆፕሱን እርስዎ መርጠው፣ መዝነው፣ አፍልተው ይሰጣሉ፤ ማብላላቱንና ማሸጉን እነርሱ ይጨርሱና ጠርሙሱ ከሳምንታት በኋላ ይደርስዎታል። ፈቃዱ የድርጅቱ ስለሆነ፣ ግብሩም በዋጋው ውስጥ ስለሚከፈል፣ 5 በመቶም 7 በመቶም ቢሆን ሕጋዊ ነው። ከመሄድዎ በፊት ደውለው መርሐ ግብሩንና ዋጋውን ያረጋግጡ። ከጓደኞች ጋር ተዋጥቶ መሄዱ ያዋጣል፤ የሚደርሰው ቢራ ለአንድ ሰው ብዙ ነውና።

የራስን ፈቃድ ማውጣት ግን ለትርፍ ጊዜ ጠማቂ የሚታሰብ አይደለም። ለቢራ ፈቃድ ቢያንስ በዓመት 60 ሺህ ሊትር፣ ብቅሉ አነስ ለሚለው ወይም ሌላ ቅመም ለሚገባበት ለሃፖሹ ደግሞ 6 ሺህ ሊትር እንደሚጠመቅ ማሳየት ያስፈልጋል። የቢራው ወሰን እ.ኤ.አ. እስከ 1994 ድረስ 2 ሚሊዮን ሊትር እንደነበር ስናስብ ብዙ ተሻሽሎአል፤ ለእኔና ለእርስዎ ግን ያው ነው።

የጠያቂው ምላሽ፦ ብቅሌ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጠንከር ያለውን ናካ ሄጄ ልጠምቅ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ከ1.007 እየተነሣሁ በኬግ ልሞክር ወስኛለሁ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ያለኝ ሃይድሮሜትር (ፈሳሹ ላይ ተንሳፍፎ ጥግግትን የሚለካው መሣሪያ) ከ1.000 እስከ 1.120 የሚለካ ተራ ነው፤ ለዚህ ሥራ ይበቃኛል? በብርሃን መሰበር የሚለካው ሬፍራክቶሜትርም አለኝ።

መልስ፦ ጋን በጠጠር (ሳፖሮ)

አይበቃዎትም። በእርሱ ላይ አንዱ ጭረት ከቀጣዩ በ0.002 የሚለያይ ስለሆነ፣ በአንድ ጭረት መሳሳት ብቻውን ከሩብ በመቶ በላይ አልኮል ያዛባል፤ እርስዎ ደግሞ ለመሳሳት ያለዎት ቦታ ከዚያ ያነሰ ነው። ከ1.000 እስከ 1.020 ብቻ የሚለካ፣ ጭረቶቹ የራራቁ ሃይድሮሜትር ይግዙ። አስቀድመው በተጣራ ውሃ፣ መሣሪያው ላይ በተጻፈው ሙቀት፣ አብዛኛውን ጊዜ በ20 ዲግሪ፣ ልክ 1.000 ማሳየቱን ይፈትሹ። ከተብላላ በኋላ የሚለኩትን ቢራ ከአንዱ ብርጭቆ ወደ ሌላው እየገለበጡ ጋዙን ያስወጡለት፤ አረፋው መሣሪያውን ወደ ላይ እየገፋ የተሳሳተ ንባብ ይሰጣልና። ሬፍራክቶሜትሩን ለመነሻው ብቻ ይጠቀሙበት፤ አልኮል ከገባ በኋላ የሚያሳየው ቁጥር ያለ ማስተካከያ ስሌት አይታመንም። ሁለቱንም ንባብ ከቀኑ ጋር በደብተር ላይ ይመዝግቡ፤ የሚጠይቅ ቢመጣ የሚያሳዩት እርሱን ነው።