ለእንቁጣጣሽ ከትንንሽ ልጆች ጋር በእጅ ምን ልሥራ?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ደብረ ብርሃን

ሰላም እንዴት ናችሁ? ዘንድሮ እንቁጣጣሽ የሚከበረው እኛ ቤት ነው። የባለቤቴ እህቶች ልጆቻቸውን ይዘው ስለሚመጡ ከኔ ሁለት ጋር ሰባት ልጅ ይሆናሉ። ትንሹ የኔ ነው፣ 3 ዓመቱ። ትልቋ 8 ሞልቷታል።

አምና ፊኛና የሚያብረቀርቅ ወረቀት ምናምን ከሱቅ ገዝቼ ነበር። ምሳ ሳይቀርብ ግማሹ ፊኛ ፈነዳ። ትንሹ በድንጋጤ ሲያለቅስ ዋለ፣ ሌሎቹ ቴሌቪዥኑ ላይ ተጣዱ። ዘንድሮ ዋዜማውን ራሳቸው ቁጭ ብለው የሚሠሩት ነገር ቢኖር እላለሁ። በማግስቱ ሴቶቹ አበባየሆሽ ሲሉ፣ ወንዶቹ ሥዕል ሲያዞሩ ለአያትና ለጎረቤት የሚሰጥ ቢሆን ደግሞ ደስ ይለኛል።

ብዙ ብር እንዳያስወጣኝ። ትንሹ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። የኛን ከተማ የጳጉሜ ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ የተሰጣ ልብስ እንኳ በሦስት ቀን አይደርቅም። ሠርታችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ።

መልስ፦ የኬጂ መምህርት፣ ሸዋሮቢት

እህቴ፣ መጀመሪያ ሙጫውን ቤት ሥሪ። አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት በአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪ፣ እንዳይጓጉል። ሦስት ኩባያ ውሃ አፍልተሽ የበጠበጥሽውን ዱቄት ቀስ እያልሽ ጨምሪበት፣ ሳታቋርጪ አማስይ። በሁለት ሦስት ደቂቃ ወፈር ያለ አጥሚት ይመስላል። ያኔ አውርጂው። ሲቀዘቅዝ በጣታቸው እየነከሩ ይለጥፋሉ። ትንሹ ቢልሰውም ዱቄት ነው። ከሁለት ቀን በላይ ግን አታቆዪው፣ ይኮመጥጣል።

ቀጥሎ የወረቀት አደይ አበባ። ከደብተር ላይ አራት ማዕዘን ወረቀት ቁረጪ። አንዴ እጠፊው፣ ደግመሽ እጠፊው፣ ሦስተኛውን ማዕዘን ለማዕዘን እጠፊው። ስምንት ንብብር ሆነ ማለት ነው። የወረቀቱ መሃል የነበረውን ሾጣጣ ጫፍ በጣትሽ ያዢና ሰፊውን ጫፍ በመቀስ አክብቢው። ስትከፍቺው ስምንት ቅጠል ያለው አበባ ይወጣል። ከደጅ እውነተኛ አደይ አምጥተሽ ቅጠሉን አስቆጥሪያቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ነው። መቀሱን ለትልቋ ስጪ፣ ማጠፉን ለአምስትና ስድስት ዓመቶቹ፣ መለጠፉን ለትንሾቹ። ሁሉም ሥራ ሲያገኝ ጠብ ይቀንሳል። አይጠፋም፣ ይቀንሳል።

የጨው ሊጥም አለ። ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ አንድ ኩባያ ውሃ። ኮከብ፣ አበባ፣ የፈለጉትን ይሠሩበታል። ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን ሲውል ድንጋይ ይሆናል።

መልስ፦ እናት፣ ከጠባሴ

መምህርት፣ ይቅርታሽን፣ የሸዋሮቢትን ፀሐይ ይዘሽ ደብረ ብርሃንን አትምከሪ! እናንተ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ፣ እኛ ከ2,800 ሜትር በላይ ነን። አምና እንዳልሽው ሠርቼ መስኮት ላይ ደረደርኩት። ጨው እርጥበት ይስባል። በሦስተኛው ቀን ኮከቡ ሁሉ ላብ በላብ ሆኖ ወረቀቱ ላይ ተጣብቆ አገኘሁት። ልጄ «እማ፣ እያለቀሱ ነው» አለችኝ።

በኋላ መላ ያገኘሁት ከምጣዱ ነው። እንጀራ ጋግሬ ስጨርስ የኤሌክትሪክ ምጣዱን አጠፋሁት። እጄን አስጠግቼ ሙቀቱ እንደማያቃጥል አየሁ። ወረቀት አነጠፍኩ፣ ሊጦቹን ደረደርኩ፣ አክንባሎውን ከፈት አድርጌ ከደንኩ። በማግስቱ ገልብጬ ደገምኩት። ደረቀ። ውፍረቱ ግን ከግማሽ ሴንቲ አይብለጥ፣ አለዚያ ላዩ ደርቆ ውስጡ ሊጥ ይቀራል። ክር ማስገቢያውን እርጥብ ሳለ በእስክሪብቶ ብሺው። ከደረቀ በኋላ ልብሳ ብትዪ ይሰበራል።

ለ3 ዓመቱ ልጅ ግን የጨውን ሊጥ አትስጪው። ጨው የበዛበት ነገር ለትንሽ ልጅ አደገኛ ነው። ድፎ ዳቦ ታቦኪ የለ? ከሱ ቆርሰሽ ስጪው። የሠራው ነገር ከድፎው ጎን ይጋገርለት። ባቄላና አተር እየለጠፉ ማስጌጥም የተለመደ ነው፣ እሱንም ለአሁኑ ተዪው። አፍንጫ ውስጥ የገባ አተር ለማስወጣት ያደርኩበትን ሌሊት አልረሳውም።

መልስ፦ የልጅ ልጅ ያየሁ፣ መሃል ሜዳ

ልጆቼ፣ ወረቀቱ መልካም ነው። እንግጫ የሚባለውን ሣር ግን ማን ረሳው? በእንግጫ ነቀላ ስሙ የወጣው ጎጃም ነው፣ እኛም ግን ልጅ ሆነን በዋዜማው መስክ ወርደን ነቅለናል። ጳጉሜ 5 ቀን (በአራት ዓመት አንዴ 6) ከሰዓት ሕፃናቱን ይዘሽ ውጪ። ወደ ጎን ከጎተቱት ይበጠሳል። ከሥሩ ይዘው ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ሲስቡት ነጩ አገዳ ጭምር ሙልጭ ብሎ ይወጣል። ድምፅም አለው፣ ልጆች ያችን ድምፅ ይወዷታል።

ቤት ስትገቡ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልይው። ከዚያ እንደ ፀጉር በሦስት ይጎነጎናል። አንዱ ልጅ ጫፉን ይያዝ፣ ሌላው ይጎንጉን። የልጅቷን ራስ ዙሪያ በክር ለኪ፣ ሁለት ጣት ጨምሪ፣ ጫፍና ጫፉን በክር እሰሪ። በመካከሉ አደይ ሻጥ ሻጥ አድርጊበት። ለልጅቷ ዘውድ፣ ለምሰሶው ጌጥ ይሆናል። ምሰሶ የሌለው ቤት በር ላይ ይሰር።

የበግ ጠጉር ካለሽም አትጣይው። የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ ነው፣ ለባናና ለዝተት የምንፈትለው እሱን ነው። በሞቀ ውሃና በሳሙና ሁለቴ እጠቢው፣ ቅባት አለው። ሲደርቅ በጣት አፍታቺው። ካርቶን ላይ በግ ሥለሽ መምህርቷ ያለችውን ሙጫ ቀቢና ጠጉሩን ልጆቹ ይለጥፉት። አራት ዓመት ለሞላው ሁሉ ይሆናል።

ሣር ፍለጋ ብላችሁ ደግሞ የመንዝ ጥብቅ ቦታ ጓሳ እንዳትገቡ። እሱ ጠባቂ አለው!

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ደብረ ብርሃን

እማማ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ጠጉሩን ከአማቴ አገኛለሁ። መምህርት፣ እናት ከጠባሴ፣ አመሰግናለሁ፣ በሁለታችሁ ክርክር ተጠቀምኩ። ለሥዕሉ ቀለም ምን ትሉኛላችሁ? የሱቁን ለትንሹ ፈራሁት።

መልስ፦ ሥዕል አዙሬ ያደግኩ፣ አንኮበር

ከወጥ ቤትሽ አትውጪ። ቢጫው እርድ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ በጥብጪ፣ ከዱቄት ሙጫው ትንሽ ጨምሪበት፣ ወረቀቱን ይይዛል። ቀዩ ቀይ ሥር ነው። ፈቅፍቀሽ ጭመቂው፣ ሁለት ጠብታ ሎሚ ያደምቀዋል። ፀሐይ ካየ በሳምንት ይገረጣል፣ ግን እስከዚያ ሥዕሉ ተሰጥቶ አልቋል። ቡናማው የቡና አተላ ውሃ፣ ጥቁሩ የተፈጨ ከሰል። ብሩሽ አትግዢ። አዲስ መፋቂያ ግዢና ጫፉን በድንጋይ ቀጥቅጪው። እኔ መልአክ የምሥለው በሱ ነበር። ክንፉ ሁሌ ከአካሉ ይበልጥብኝ ነበር፣ ጎረቤት ግን ሳንቲሙን አይከለክለኝም።

አንድ ጨዋታ ልጨምርልሽ። ወረቀቱን በእርድ ውሃ ቀብተሽ አድርቂው። የልብስ ሳሙና በውሃ ሟሟ አድርጊና ትልልቆቹ በመፋቂያው እየነከሩ ስማቸውን ይጻፉበት። ቢጫው ላይ ቀይ ሆኖ ይወጣል። እርድ ሳሙና ሲነካው ይቀላል። ስለዚህም ነጭ ልብሳቸውን ሳታለብሻቸው በፊት ይሥሩ። እርድ የነካው ነጠላ በሳሙና ሲታሽ ደም የነካው ይመስላል፣ እናቶች ይደነግጣሉ። አትደንግጪ። አለቅልቀሽ ፀሐይ ላይ አስጪው፣ እየደበዘዘ ይሄዳል።

የሁለት ልጆች እናት፣ ደብረ ብርሃን (መስከረም 5)

እንኳን አደረሳችሁ! የሆነውን ልንገራችሁ። በሳሙና የሚጻፈው ሥዕል አንደኛ ወጣ። የ8 ዓመቷ ልጅ ለሰፈሩ ሁሉ ጻፈች፣ ሳሙናዬ አለቀ። እንግጫው ላይ ዝናብ አገኘን፣ ግማሽ መንገድ ላይ ተመለስን፣ የተገኘው ለሁለት ዘውድ ብቻ በቃ። በሱ ተጣሉ። የጨው ሊጡን ምጣድ ላይ አደረቅኩት፣ ሁለት ብቻ ተሰነጠቀብኝ፣ እነሱም ወፍራሞቹ ናቸው። የነጠላው ነገር እንዳላችሁት ሆነ። የኔ ሳይሆን የባለቤቴ እህት ነጠላ መሆኑ ነው የከፋው።

ትንሹ ከድፎው ሊጥ በግ ሠራ። እግር የለውም። ራሱም በየት በኩል እንደሆነ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ለአያቱ ሰጣቸው። አባባ «ይሄማ አይበላም» ብለው ቡፌው ላይ፣ ከስኒዎቹ ጎን አስቀመጡት። አሁን አምስተኛ ቀኑ ነው፣ ሻግቷል። ልጁ በየቀኑ እየሄደ ያየዋል። እንዴት አድርጌ ልጣለው?

መልስ፦ እናት፣ ከጠባሴ

አያትህ በሉት በይው። አባባን ግን ቀድመሽ አስጠኛቸው።