አራት ነጥቡ እያለ ፕሮግራሙ ዓረፍተ ነገር አልለይ አለኝ

አራሚዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከተለያዩ ጸሐፊዎች የመጡ ጽሑፎችን ለአንድ መድበል እያዘጋጀሁ ነው። ጽሑፉን በየዓረፍተ ነገሩ የሚቆርጥ ፕሮግራም ውስጥ ሳስገባ የአንዳንዶቹን በደንብ ይቆርጣል። የሌሎቹን ግን ሙሉውን አንቀጽ እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞት ቁጭ ይላል። በዓይን ሳየው ሁሉም ጋ አራት ነጥብ አለ። ዎርድ ላይ ። ብዬ ስፈልግ ግን ብዙዎቹን አያገኛቸውም። ፎንት ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ምን ይሻላል?

ኮድ ፈቺ፦
ፎንቱን ተዪው፣ እሱ ምንም አላጠፋም። ጸሐፊዎችሽ ሁለት ነጥብን ሁለቴ እየመቱ ነው። ለዓይን ያው ነው። ለኮምፒውተር ግን ። አንድ ምልክት ነው፣ ፡፡ ደግሞ ሁለት። በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ለእያንዳንዱ ምልክት በሚጠቀሙበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት፣ የሁለት ነጥብ ቁጥር 1361፣ የአራት ነጥብ 1362 ነው (በሄክሳዴሲማል፣ ማለትም በ16 መሠረት አቆጣጠር፤ በተለመደው አቆጣጠር 4961 እና 4962)። ዩኒኮድ ። ዓረፍተ ነገር እንደሚዘጋ መዝግቦታል። ፡ ግን የቃል መለያ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ፡፡ ሲያይ ዓረፍተ ነገር ያለቀ አይመስለውም።

ማረጋገጥ ከፈለግሽ ጠቋሚውን ከነጥቦቹ በኋላ አድርጊና ባክስፔስ አንዴ ንኪ። ሁለት ነጥብ ከቀረ ነገሩ ይኸው ነው።

የድሮ ታይፒስት፦
ልጄ፣ ጸሐፊዎቹን አትቆጪያቸው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደሉን በየራሱ ቁጥር ነበር የሚያስቀምጠው። የምንጽፈውም አትመን ለማንበብ ስለነበር ዓይን ከተቀበለው በቃ። ለወረቀት ከሆነ ዛሬም ፡፡ ችግር የለውም ባይ ነኝ።

ኮድ ፈቺ፦
ጋሼ፣ ለወረቀት እሺ። ግን ዛሬ የትኛው ጽሑፍ ነው ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀረው? ፍለጋ ውስጥ ይገባል፣ በማሽን ይተረጎማል፣ ድምፅ ሆኖ ይነበባል። ሌላው ቢቀር በአማርኛ የሚጻፍ አንድ የስልክ መልእክት 70 ምልክት ብቻ ነው የሚይዘው። በየዓረፍተ ነገሩ አንድ ቦታ በከንቱ መጣል ነው።

ሌሊት ሠራተኛ፦
መፍትሔው ቀላል ነው። መጀመሪያ ኮፒ አስቀምጪ። ከዚያ ዎርድ ላይ ኮንትሮልና ኤች ተጫኚ። መፈለጊያው ላይ ፡፡፣ መተኪያው ላይ ። አስገቢና ሁሉንም ተኪ። በመሃል ክፍተት ያለባቸውን፣ ማለትም ፡ ፡ ዓይነቶቹን፣ ለብቻቸው ፈልጊ። በእንግሊዝኛው ኮለን (::) የተጻፉም አይጠፉም። ፋይሉ ብዙ ከሆነ በፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው) ሪፕሌስ የሚለው ትእዛዝ በአንድ መስመር ይጨርሰዋል።

ነጠላውን ፡ ግን እንዳትነኪ! 3፡30 የሚል ሰዓት ይኖራል። በድሮው ወግ ቃላትን በሁለት ነጥብ የሚለይ ጸሐፊም ካለ ጉድ ይፈላል።

ኪቦርድሽ ። ካልሰጠሽ ዎርድ ላይ 1362 ጻፊና አልትና ኤክስን አብረሽ ተጫኚ።

አራሚዋ፦
ሠራ! አሁን ሁሉንም በትክክል ይቆርጣል። ተባረኩ። አንድ ነገር ልጨምር፦ የጥያቄ ምልክቱንስ ወደ ፧ ልቀይረው?

ኮድ ፈቺ፦
ተይው። ፧ የራሱ ቁጥር አለው፣ 1367። ግን ዛሬ ሁሉም የሚጽፈው ? ነው፣ ፕሮግራሙም ያውቀዋል። አንባቢሽን ግራ አታጋቢ።