የሜቨን ፕሮጀክት ቨርዥን መቀየርንና ሴንትራል ላይ መልቀቅን እንዴት አውቶማቲክ ላድርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በጃቫ የጻፍነው፣ በሜቨን (የጃቫ ቢልድ መሣሪያ) የምንገነባው ላይብረሪ አለን፤ ብዙ ሞጁሎች አሉት። አዲስ ቨርዥን በለቀቅን ቁጥር የየሞጁሉን ፖም ፋይል (የቨርዥን ቁጥሩ የሚጻፍበትን) በእጅ እንቀይራለን። አንዱ ይረሳና በአሮጌው ቁጥር ይቀራል። ለዚህ የሚሆን ፕለጊን አለ? ደግሞ ኔክሰስ ስቴጂንግ የሚባለው ፕለጊን ሴንትራል (የጃቫ ላይብረሪዎች የሕዝብ ማከማቻ) ላይ አልጭን ብሎናል።

የጃቫ ልጅ፦ ሰላም ወንድሜ። የተለመደው ሜቨን ሪሊዝ ፕለጊን ነው። ሁለት ትእዛዝ አለው። «ፕሪፔር» ስናፕሾት (ገና ያልተለቀቀ) የሚለውን ቅጥያ ከሁሉም ፖም ላይ ያነሳል፣ ቴስቱን ያስኬዳል፣ ለውጡን ጊት ላይ ኮሚት አድርጎ (መዝግቦ) ታግ፣ ማለትም የስም ምልክት፣ ይሰጣል፣ ከዚያ ፖሞቹን ወደ ቀጣዩ ስናፕሾት ያሻግራል። «ፐርፎርም» ያንን ታግ አውጥቶ ቢልድ አድርጎ ይለቃል። «አውቶ ቨርዥን ሰብሞጁልስ»ን ትሩ አድርገው፤ አለዚያ በየሞጁሉ ቁጥር ይጠይቅሃል። መጀመሪያ በ«ድራይ ረን» (ጊት ላይ ምንም ሳይመዘገብ) ሞክረው።

ቢልድ ወዳድ፦ ይሠራል፤ እኔ ግን አልመርጠውም። ቢልድ የሚያደርገው ሰርቨር ዋናው ብራንች ላይ ኮሚት እንዲገፋ ፈቃድ መስጠት አለብህ። መሃል ላይ ከተቋረጠ ደግሞ የተረፈውን ማጽዳት ያንተ ሥራ ነው።

ከሜቨን 3.5.0 ጀምሮ በቨርዥኑ ቦታ «ሪቪዥን» የሚባለውን ተለዋዋጭ መጻፍ ይቻላል። ሁሉም ሞጁል ከወላጁ ፖም ይወስዳል። አንተ ጊት ላይ ታግ ትገፋለህ፤ ጊትሃብ አክሽንስ (የጊትሃብ አውቶማቲክ ቢልድ አገልግሎት) ቁጥሩን ከታጉ ስም ወስዶ ለሜቨን ያቀብላል። በፋይል ላይ የሚቀየር ነገር የለም።

አደራ፣ ፍላተን ፕለጊንን እንዳትተው! እሱ ከሌለ የሚለቀቀው ፖም ውስጥ ቁጥሩ ሳይሆን ተለዋዋጩ እንዳለ ይቀራል። ላይብረሪህን የሚጠቀም ሰው ቢልዱ ይወድቅበታል።

ጠያቂ፦ ይሄኛው ደስ ብሎኛል። የተሳሳተ ቨርዥን ሴንትራል ላይ ቢወጣ ማጥፋት ይቻላል?

ሰላም በኮድ፦ አይቻልም። 1.4.0 አንዴ ከወጣ አይነካም፤ ያለህ አማራጭ 1.4.1ን መልቀቅ ነው። ስለዚህ ከታች በምጠቅሰው ፕለጊን ውስጥ «አውቶ ፐብሊሽ»ን (በራሱ እንዲለቅ የሚያደርገውን) ለጊዜው ፎልስ አድርገህ ተወው። ቢልዱ የሴንትራል ፖርታል (ድረ ገጽ) ላይ ተፈትሾ ይቆይሃል፤ ዓይተህ ራስህ ትለቀዋለህ። ጥቂት ጊዜ በሰላም ካለፈ ያኔ ሙሉ አውቶማቲክ አድርገው።

ኔክሰስ ስቴጂንግ እምቢ ያለህ ኦኤስኤስአርኤች የሚባለው አሮጌ አገልግሎት በፈረንጆቹ ጁን 30፣ 2025 ስለተዘጋ ነው። በምትኩ «ሴንትራል ፐብሊሺንግ ሜቨን ፕለጊን»ን አስገባ፤ ከፖርታሉም አዲስ ቶከን (የመግቢያ ምስጢር ኮድ) አውጣ። የአሮጌው ቶከን አያገለግልም። ከዋናው ጃር (የጃቫ ጥቅል ፋይል) ጋር የሶርስና የጃቫዶክ (የኮዱ ማብራሪያ) ጃር፣ የጂፒጂ ፊርማም (ፋይሉ ያንተ መሆኑን የሚያረጋግጥ) ግድ ነው። የምትፈርምበትን ቁልፍና ቶከኑን ጊትሃብ ሴክሬት (የምስጢር ማስቀመጫ) ውስጥ አስቀምጥ፣ ፖም ውስጥ በፍጹም አትጻፍ።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። በስናፕሾት ሞክሬው ሁሉም ሞጁል በአንድ ቁጥር ወጣ። አሁን የቀረኝ የጂፒጂ ቁልፉ ነው፤ ሕዝባዊውን ቁልፍ የት ልላክ?

ሰላም በኮድ፦ «ኪይስ ዶት ኦፕንፒጂፒ ዶት ኦርግ» (keys.openpgp.org) ላይ ላከው። ሴንትራል ፊርማውን የሚያረጋግጠው ከእንዲህ ዓይነት ሰርቨር ላይ ቁልፉን አግኝቶ ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው ሪሊዝ በፊት ላከው።